ለሒሳብ የተላኩ ሽማግሌዎች

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሰው ሲያሞግሳቸው የሚቆጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ኮብልስቶን ዳር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀበና አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሠርተዋል፤ መርፌ ወግተዋል፣ ቁስል አጥበዋል፣ የተሰበረ እጅ በእንጨት አስደግፈው አስረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ሰፈሩ አልለቀቃቸውም። ልጁ ምስማር የረገጠበት ሁሉ በሩን እየቆረቆረ «ዶክተር አሉ?» ይላል። እሳቸው ደግሞ በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ «ዶክተር የለም፤ ድሬሰር ነው ያለው» ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዱ ቁስሉን ረስቶ ይስቃል። ለእሳቸው ግን ቀልድ አይደለም። ሰው ያልሆነውን ነኝ ካለ፣ ነገ ደግሞ ያላየውን አየሁ ይላል ባይ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያስቸግራል። ሰርግ ቤት ወጡ ጨው ከበዛበት «በዝቶበታል» ይላሉ፤ ያውም ሙሽሮቹ እየሰሙ። ለቅሶ ቤት ሁሉም ተነሥቶ ሟቹን መልአክ ሲያደርገው፣ እሳቸው ሰውየውን በክፉ የሚያውቁት ከሆነ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ነው። ታዲያ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚፈለጉትም እሳቸው ናቸው። የማይዋሽ ሽማግሌ ከየት ይገኛል? ሲያኮርፏቸው ኖረው ሲቸግራቸው ይጠሯቸዋል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይከዳቸው ነበር። አንድ ልጃቸውን መቅደላዊትን ገና በድክድክ ስትሄድ ጀምረው የሚጠሯት «ዶክተር» ብለው ነው። «ዶክተር፣ ፋሻውን አቀብዪኝ!» ሲሉ ልጅቷ እየሮጠች ታቀብላለች። «እርስዎም እንግዲህ ያልሆነውን ነው ማለት ጀመሩ!» ብሎ የሚተርባቸው ሲገኝ «ትሆናለቻ!» ብለው ይዘጉታል። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሐኪሙ ሲያዝ ሲታዘዙ፣ ሐኪሙ ሲፈርም ቆመው ሲያዩ የኖሩ ናቸው። ቅናት አልነበረባቸውም። ከቤታቸው አንድ የሚፈርም ሰው እንዲወጣ ነበር የሚፈልጉት፤ በቃ።

መቅደላዊት አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጨረሰች። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ተማሪ ተመሳሳይ ትምህርት ይማርና ከዚያ በውጤቱ ክፍል ይመርጣል። የእሷ ውጤት የሕክምናን በር ወለል አድርጎ የሚከፍት ሆነ። ሰፈሩ ሰማ፤ መንገድ ላይ እያስቆመ ጨበጣት። እሷን ያማራት ግን ሌላ ነበር። ሒሳብን ከዳታ ሳይንስ ጋር አጣምሮ የሚያስተምር ክፍል መኖሩን የሚያስረዳ ገለጻ ሰምታ ከወጣች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አይታያትም።

ይህን በእኛ አገር ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ ሒሳብ የሚመረጥ ሳይሆን የሚጣሉበት ክፍል ነው። ሕክምናውም ምሕንድስናውም እምቢ ያሉት ልጅ «ሒሳብ ደረሰው» ይባላል፤ እናቱም «አይዞህ፣ እሱም ትምህርት ነው» ብላ ታጽናናዋለች። ሕክምና በእጇ እያለ በገዛ እግሯ ወደዚያ የምትሄድ ልጅ፣ ወይ አሟታል ወይ ሰው አሳስቷታል።

ምሳ ላይ ነገረቻቸው። «አባዬ፣ እኔ ሕክምና አልገባም። ሒሳብ ነው የምማረው።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አሉና እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ደግማ ስትነግራቸው ግን አልሳቁም፤ ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ሬዲዮኑ ይከፈት ጀመር።

መላውን ያመጡት እናቷ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አላወቅሽውም» አሉ ልብስ እያጣጠፉ። «ከልጅ አፍ የወጣ ነገር ጆሮው አይገባም። ሽማግሌ ደጁ ከቆመ ግን ሳይሰማ አይመልስም፤ ራሱ ስንቱን ሸምግሏል! ላኪበት።»

«ሽማግሌ? ለትምህርት?»

«ታዲያ ሽማግሌ ለባል ብቻ ነው እንዴ? ላኪበት ነው የምልሽ!»

ተላከ። አንደኛው ሽማግሌ የቤቱ ነፍስ አባት፣ እንጦጦ ላይ ካለ ደብር የሚያገለግሉት ቄስ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ኤጀታ፤ አጣና ነጋዴ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ በሃይማኖታቸው ፕሮቴስታንት፣ በጋብቻ ሽምግልና ደግሞ የሰፈሩ አንደኛ። እሳቸው ቆመው የለመኑት አባት እምቢ ብሎ አያውቅም ይባላል፤ ይህን የሚሉት በአብዛኛው ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛው መቅደላዊትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማራት መምህር ገመቺስ ነው። ለሽማግሌነት ገና ልጅ ስለሆነ አቶ ኤጀታ ጋቢ አዋሱት። ጋቢ ለብሶ አያውቅም፤ በየእርምጃው ከትከሻው እየተንሸራተተ አስቸገረው።

እሑድ ረፋዱ ላይ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈቱ። ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በተርታ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ! ምን በር ላይ ያስቆማችኋል? አባ፣ ይግቡ። ተቀመጡ!»

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ ቄስ ወልደ ኢየሱስ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማልን አንቀመጥም።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ክው አሉ። ያላገባች ልጅ ባለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም ካለ፣ ትርጉሙን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ አቶ ኤጀታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ እንደምን ሰንብተዋል?»

በስመ አብ! ኤጀታ እኮ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አንተ ሲሏቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ እርስዎ ካሉ ነገሩ አልቆለታል ማለት ነው።

በእውነቱ አቶ ኤጀታ ከቤታቸው ሲወጡ ስለ ትምህርት ሊናገሩ አስበው ነበር። የጋሪ ፈረስ ሳይነዱት ወደ ለመደው ቤት እንደሚሄድ፣ አፋቸው ግን የለመደውን መንገድ ያዘ። «የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። የዚህን ቤት ጨዋነት አይተን፣ የልጅዎን አስተዳደግ ሰምተን፣ ልባችን ከጅሎ ነው። ሴት ልጅ መቼም ዞሮ ዞሮ ከአባቷ ቤት መውጣቷ አይቀርም...»

«ይቆዩ!» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። እሳቸውም በእርስዎ መለሱ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ልጆችዎ ሲታመሙ በዝናብ ሮጬ የመጣሁ እኔ አይደለሁም? አሁን የእኔን ልጅ ከትምህርቷ ሊነቅሉ መጡ? ልጄ ሐኪም ትሆናለች! ገና እንጭጭ ናት! ለመሆኑ ማን ነው እሱ? የማን ልጅ ነው?»

ከወጥ ቤት አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው በሳቅ እየሞቱ ነበር። ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አቶ ኤጀታ እምቢታ ስላልለመዱ ጉሮሯቸውን እንደገና ጠረጉ።

በመጨረሻ ገመቺስ የተንሸራተተውን ጋቢ በአንድ እጁ ይዞ ተናገረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባል የለም። ጋብቻም አይደለም። መቅደላዊት ሕክምና መግባት አትፈልግም፤ ሒሳብና ዳታ ሳይንስ ነው መማር የምትፈልገው። እሱን እንዲፈቅዱላት ልንለምንዎ ነው የመጣነው።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው።

«ለትምህርት ነው ሽማግሌ የላከችብኝ?»

«አዎ።»

«ምነው ጋብቻ በሆነ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ባል ቢሆን እምቢ ይባላል፤ ጎረምሳው ጥቂት አልቅሶ ሌላ ያገባል። ይኼኛው ግን ከልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ በምን በር ይባረራል? አቶ ዘመንፈስቅዱስ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«እሺ» አሉ። «በጋብቻ ሥርዓት ከመጣችሁ፣ እኔም በጋብቻ ሥርዓት እጠይቃለሁ። ይህ ሒሳብ የምትሉት ልጄን ወስዶ የት ነው የሚያኖራት?»

ቄሱ ገመቺስን በዓይናቸው ጠቀሱት። ገመቺስ ተናገረ። ዳታ ሳይንስ ማለት ከተከመረ መረጃ ውስጥ በሒሳብ ነገር ማውጣት እንደሆነ፣ ባንኩም ቴሌውም ኢንሹራንሱም እንዲህ ያለ ሰው እየፈለገ እንደሆነ፣ ወባ የት ሰፈር ሊነሣ እንደሚችል ሳይቀር ካለፈው ዓመት ቁጥር ተነሥቶ መገመት እንደሚቻል ነገራቸው። ሒሳቡን አጥብቆ የያዘ ልጅ ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ሲወዳደር ሚዛን እንደሚደፋም ጨመረ። መምህር ስለሆነ ሲያስረዳ እጁ ጠመኔ እንደያዘ ይንቀሳቀሳል። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«አንተስ ሒሳብ አይደለም የተማርከው?»

«ነው ጋሼ።»

«ታዲያ የት ደረስክ?»

አቶ ኤጀታ አሳላቸው። ጥያቄው ክፉ ነው። ገመቺስ ከሲ.ኤም.ሲ ወዲያ አንድ ክፍል ተከራይቶ በሚኒባስ እየተጋፋ የሚመላለስ ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«እዚህ ደረስኩ» አለ ገመቺስ። «የተዋስኩት ጋቢ ለብሼ እርስዎ ፊት ቆሜያለሁ። ግን ጋሼ፣ እኔ ተመድቤ ነው። ምርጫዬ ምሕንድስና ነበር፤ ውጤቴ አልበቃ ሲል ሒሳብ ደረሰኝ። አኩርፌ ገባሁ፣ እንዳኮረፍኩ ጨረስኩ። ሒሳብ ያማረኝ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። እሷ መርጣ ነው የምትገባው። ተመድቦ የገባና መርጦ የገባ እኩል አይሄዱም።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። «የሚመጣው እሑድ ተመለሱ።» የክፍል ምርጫው የሚዘጋው ከዚያ እሑድ ማግስት ነበር።

ሴት ልጁ የተጠየቀች አባት ሽማግሌ ቀጥሮ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ስለ ልጁ ቤተሰብ ያጣራል። ዘራቸው ምንድን ነው፣ ጠባያቸው እንዴት ነው፣ ሰካራም አለባቸው ወይ እያለ ሰው ይጠይቃል። አቶ ዘመንፈስቅዱስም ሊያጣሩ ወጡ። ግን ስለ ሒሳብ ማንን ይጠይቃሉ? ሰፈር ውስጥ የጠየቁት ሁሉ «ኧረ ሕክምና እያለ!» ነው የሚለው። ይህ እሳቸው ራሳቸው የሚሉት ስለሆነ ማጣራት አልሆነላቸውም።

ቢቸግራቸው ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም አለች፤ በሽተኛን ዓይን ዓይኑን እያየች የምታነጋግር ስለሆነች ይወዷታል። ልጃቸው እንደ እሷ እንድትሆን ይመኙ ነበር። የመጡበትን ነገሯት።

ሐኪሟ መሳቅ ጀመረችና ሳቋን ተወችው። «ጋሼ ዘመንፈስ፣ እኔ ራሴ በኦንላይን ዳታ ሳይንስ እየተማርኩ ነው።»

«አንቺ?»

«እኔ። ሥራዬን ጠልቼው አይደለም። ደከመኝ። ግማሾቹ ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው።» ከዚያ እጃቸውን ያዘች። «ልጅዎ ሕክምናን ከወደደችው ያበርቷት። ካልወደደችው ግን አይግፏት። ሳይወዱ የሚያክሙ ሰዎች አብረውዎ ሠርተው የለ? ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋቸዋል።»

ያውቋቸዋል። በሽተኛው ሕመሙን ሳይጨርስ መድኃኒት የሚጽፉትን፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ቀጣይ!» የሚሉትን ስንቱን አሳልፈዋል። እንደዚያ ያለው ሐኪም ሳያዳምጥ የሸኘውን በሽተኛ ውጭ ላይ ይዘው የሚያጽናኑት እሳቸው ነበሩ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከዚያ ሲወጡ ተናደው ነበር። በማን እንደተናደዱ ግን አላወቁትም፤ በሐኪሟ መናደድ አልቻሉም።

ያን ሳምንት ልጃቸውን ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠፋቸው። «ዶክተር» ሊሉ ይጀምሩና ይተውታል። «አንቺ» ይሏት ጀመር። ወይዘሮ ሙሉጌጥ «ስም አላወጣህላትም እንዴ?» ብለው ተቆጧቸው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጡበትን የዘወትር እግር ጉዟቸውን ሲጀምሩ «ነዪ፣ አብረሽኝ ውጪ» አሏት። ባሕር ዛፉ ሥር ደረሱ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ መንገድ ለቀው ቆሙላቸው። ከዚያ አባት ጠየቁ።

«ለምንድን ነው?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

«ደስታ ትምህርት ነው እንዴ?»

«አባዬ፣ አንድ ጥያቄ ሳልፈታው ካደርኩ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አስበዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የፈታሁት ቀን ለማንም አልናገርም፣ የሚገባው ሰው የለማ። ግን ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ስለ ሕክምና ሳስብ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ደም አልፈራም፣ ታውቃለህ። ብገባ እጨርሰዋለሁ። ግን ያንተን ነው የምጨርሰው። የራሴን ሳልጀምር።»

ይህ ነገር አመማቸው። «ክፉ ነው የተመኘሁልሽ?»

«አይደለም። ጥሩ ነው። ግን ያንተ ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

«ሕክምና እገባለሁ» አለች ወዲያው። «ሳትመርቀኝ ወጥቼ የት እደርሳለሁ?»

ይህን ስትል ልታባብላቸው አልነበረም። በዚያ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ያለ አባት ምርቃት የተጀመረ ነገር ፍጻሜው አያምርም ሲባል ሰምታ ያደገች፣ ያመነችውም። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ይህን ያውቃሉ፤ ያስተማሯትም ራሳቸው ናቸው።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እንደገና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አቶ ኤጀታ በዚህኛው ቀን ትምህርት ትምህርት የሚል ንግግር አጥንተው መጥተው ነበር፤ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ግን አላስጀመሯቸውም።

«ዋስ እፈልጋለሁ» አሉ። «ልጅ ሲሰጥ ዋስ ይጠራል። ይህን ተምራ ብትጎዳብኝ፣ ሥራ ብታጣ፣ ሕክምናዬን በተማርኩ ኖሮ ብላ ብታለቅስ፣ ማነው ዋሷ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቄስ ወልደ ኢየሱስ።

«እኔም!» አሉ አቶ ኤጀታ ደረታቸውን መታ አድርገው። «ጌታ ምስክሬ ነው!»

«አንተስ?»

ገመቺስ መሬት መሬት አየ። «እኔ ዋስ አልሆንም ጋሼ።»

አቶ ኤጀታ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። እሱ ግን ቀጠለ። «እሷን አውቃታለሁ፤ ትችላለች። የሚመጣውን ዘመን ግን አላውቅም። ስትጨርስ ሥራው ይኖራል፣ አይኖርም፣ እኔ ምን አውቄ? የማላውቀውን ልማልልዎ አልችልም።»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ኤጀታ «አበላሸኸው!» ብለው በሹክሹክታ ተቆጡ፤ ሹክሹክታቸው ደግሞ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ከሦስታችሁ ያመንኩት ይህን ልጅ ነው» አሉ። «ባለፈው እሑድ የነገረኝንም ያመንኩት ለዚህ ነው። ፈቅጃለሁ። ተቀመጡ።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ እልልታቸውን አቀለጡት። አቶ ኤጀታ «አላልኳችሁም? እኔ የቆምኩበት ነገር!» እያሉ ወንበር ሳቡ። መቅደላዊት ከጓዳ ወጥታ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ጉልበታቸውን ሳመችና አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አልጫኑም።

«ፈቅጃለሁ ብያለሁ» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። «ተነሺ በቃ።»

«ምርቃቱስ አባዬ?»

«ምርቃት ሌላ ነው።»

ቄሱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «መርቃት እንጂ ልጄ! ከፈቀድክ በኋላ ምን ቀረህ?»

«አባ፣ ቅር ብሎኛል» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። «የፈቀድኩት ፍላጎቷ ከልቧ ስለሆነ ነው፤ ልቤ ግን ሕክምናው ላይ ነው። አሁንም የተሳሳተች ይመስለኛል። ደስ ሳይለኝ ደስ ብሎኛል፣ ይቅናሽ፣ ብል ውሸት አይደለም? በምርቃትም ይዋሻል?»

ቄስ ወልደ ኢየሱስ ወንበራቸው ላይ መልሰው ተቀመጡ።

መቅደላዊት ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እንግዲያው ይቅር አባዬ» አለች። «ነገ ሕክምናን እመርጣለሁ።» መሬቱን በእጇ ተደግፋ ልትነሣ ጀመረች።

ነገሩ ሁሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጅ ላይ ወደቀ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አልዋሹ፣ አልከለከሉ፣ ቃላቸውን አላጠፉ፤ ልጅቷ በራሷ ጊዜ ተወችው ይባላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት ሐኪም አፋቸውን ሳይከፍቱ ከቤታቸው ሊወጣላቸው ነው። ፈለጉትም። ይህን መካድ አይቻልም።

ልጅቷ አንድ ጉልበቷን አንሥታለች።

«ቆዪ» አሉ። ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እጃቸው ከብዷት ተመልሳ ተንበረከከች።

«እኔ ተሳስተሻል ባይ ነኝ» አሉ። «እግዚአብሔር አንቺን ትክክል፣ እኔን ስሕተተኛ ያድርገኝ።»

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምተው ስለማያውቁ ትንሽ ዘገዩ። «አሜን» አለች መቅደላዊት። «አሜን» አሉ ሽማግሌዎቹ ተከትለው።

«ዘመንፈስ ምን ነክቶት ነበር፣ ይችን ልጅ ሊያስቀራት ነበር እያለ ሰው ይሳቅብኝ።»

«አሜን።»

«በቁሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ ተሳስቼ ነበር ለማለት ያብቃኝ።»

መቅደላዊት እያለቀሰች ስለነበር አሜን ማለት አልቻለችም። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ጥቂት ጠበቋት፤ አልመጣላትም። እጃቸውን ከራሷ ላይ ሳያነሡ፣ ቤቱ እስኪሰማ ድረስ ራሳቸው «አሜን» አሉ።